ጽሑፍ መስሎ የሚመጣ ገበያ

«አንባቢ ጠፋ» የሚለው ስሞታ በጸሐፊዎችና በአዘጋጆች ዘንድ ሲደጋገም ውሎ አድሯል። ጋዜጣው ሳይነበብ መጠቅለያ ይሆናል፤ መጽሔቱ ከመደርደሪያ ሳይነሣ ወሩ ያልፋል፤ የሬዲዮው ዝግጅት የመግቢያ ሙዚቃው ሳያልቅ ጣቢያው ይለወጣል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያትም የታወቀ ነው። ሕዝባችን የንባብ ልማድ የለውም፤ ወጣቱ ትዕግሥት አጣ፤ የስልኩ መስታወት ልቡን ሰለበው ይባላል። ይህ ጥፋቱን ሁሉ በአንባቢው ጫንቃ ላይ የሚከምር፣ ለጸሐፊው ግን እጅግ የሚመች ሐተታ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። አንባቢው ሸሸ ከተባለ ከምን እንደሸሸ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ልምድ ያለው አንባቢ አዲስ መጽሔት ሲገልጥ እንመልከተው። ርእሱን ያያል፤ የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት መስመሮች ያነባል። ጽሑፉ ስለ አገር ባህል አልባሳት ነው ተብሎ የተጀመረ ነው። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ የአንድ ሱቅ ስም ይመጣል። በሦስተኛው ያው ስም ይደገማል፤ በአራተኛው የሱቁ ባለቤት ብርቱ የሥራ ሰው መሆናቸው ይወደሳል፤ በመጨረሻም አድራሻው ከነስልክ ቁጥሩ ይከተላል። ስለ ጥለቱ፣ ስለ ሸማኔው፣ ስለ ፈትሉ አንዳች የተነገረ ነገር የለም። አንባቢው ግን እስከ አድራሻው አልዘለቀም፤ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ መጽሔቱን አጥፎታል። ማስታወቂያ መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ አሸተተው እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ በዚያው መጽሔት የሚወጣውን ቅን ጽሑፍ ሳይቀር በጥርጣሬ ዓይን ያየዋል። ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ሁለተኛው ጉዳት ነው።

አንዳንድ ወገኖች አንባቢን ያስመረረው የማስታወቂያ መብዛት ነው ይላሉ። ይህ አስተያየት ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ማለዳ «ቁራሌው» እያለ የሚዞረውን ሰው ማን ይጠላዋል? ድምፁ ከእንቅልፍ ሊቀሰቅስ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለ ይታወቃል። አሮጌ ጫማና ባዶ ጠርሙስ ያላት እመቤት ትጠራዋለች፤ የሌላት ዝም ትለዋለች። ይኸው ሰው አንድ ቀን ጩኸቱን ትቶ፣ በሩን በቀስታ አንኳኩቶ፣ የሩቅ ዘመድ ነኝ ብሎ ቢገባ፣ ቡናው ከተፈላና የቤተሰቡ ደኅንነት ከተጠየቀ በኋላ ዓይኑን ወደ ብረት ድስቱ ቢያዞር ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። እመቤቲቱ የምትቆጣው ድስት ስለተጠየቀች አይደለም። ቡናዋና ሰላምታዋ መናቃቸውን ስለተረዳች ነው።

አዝማሪውንም እናንሣ። አዝማሪ በገንዘብ ያወድሳል። ይህን የማያውቅ አድማጭ የለም። ተወዳሹ በአደባባይ ተቀምጧል፤ ግጥሙን አንዳንዴ ራሱ ያቀብላል፤ ብሩም በአዝማሪው ግንባር ላይ ተለጥፎ ለሁሉም ይታያል። ስለዚህ አድማጩ ውዳሴውን እንደ ውዳሴ ይሰማል፤ የግጥሙን ብልሃት ይመዝናል፤ ሰሙና ወርቁን ይለያል፤ ተወዳሹ እውነት እንደተባለው ጀግና ነው ብሎ ግን አይሞኝም። እንግዲህ የተከፈለበት ቃል ሁሉ ቃልን ያረክሳል ማለት አንችልም። በግንባር ላይ የተለጠፈው ብር አዝማሪውን አላዋረደውም። የሚያዋርደው በእጅጌ ውስጥ የገባው ብር ነው።

ስለዚህ ክርክራችን ከገበያ ጋር አይደለም፤ እንግዳ መስሎ ከሚገባ ገበያ ጋር ነው። አንባቢ አንድን ጽሑፍ ከጀመረ በኋላ «ይህ ለእኔ አልተጻፈም፤ በእኔ ላይ ተጻፈ» ብሎ የሚያስብባት ቅጽበት አለች። ከዚያች ቅጽበት በኋላ የወረቀቱ ጥራትም ሆነ የፎቶግራፉ ውበት አያድነውም።

ነገሩ በእኛ አገርም ሆነ በዛሬው ዘመን የተወለደ አይደለም። አመጣጡን ለማየት የአሜሪካንን ጋዜጦች ታሪክ መመልከት ይበቃል፤ በሽታው እዚያ በሰፊው ታይቷል፤ ሕክምናውም በከፊል እዚያው ተሞክሯልና። እ.ኤ.አ. በ1833 ቤንጃሚን ዴይ የተባለ አታሚ በኒው ዮርክ «ዘ ሰን» የተሰኘውን ጋዜጣ በአንድ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። የዘመኑ ጋዜጦች ዋጋ ስድስት ሳንቲም ነበር። ተራው ሠራተኛ ጋዜጣ ለማንበብ በመቻሉ ይህ በእርግጥ መልካም ነገር ነበር። ይሁን እንጂ የጎደለውን አምስት ሳንቲም የሚሞላ አንድ ሰው መኖር ነበረበት፤ እርሱም አስተዋዋቂው ነው። ከዚያ ወዲያ ጋዜጣ ለአንባቢ ከመሸጡ ይልቅ አንባቢ ለአስተዋዋቂ መሸጡ የንግዱ መሠረት ሆነ።

በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ ከአስተዋዋቂዎቹ ሁሉ የጎላ ድርሻ የነበራቸው የፓተንት መድኃኒት የሚባሉትን ጠርሙሶች የሚሸጡ ኩባንያዎች ነበሩ። ከራስ ምታት እስከ ነቀርሳ ሁሉን እንፈውሳለን ይሉ ነበር። በብዙዎቹ ውስጥ የነበረው አልኮል ነው፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ፣ ለሕፃናት ማስተኛ በሚሸጡት ሳይቀር፣ ሞርፊን ነበረበት። ማስታወቂያቸው እንደ ዜና በዜናው ፊደል ይታተም ነበር። ርእሱ የአንዲት እናት የድኅነት ታሪክ ይመስላል፤ አንባቢዋ እያዘነች፣ እየተጽናናች ትከተላለች፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ጠርሙሱ ይወጣል። ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ የሙያው ሰዎች የንባብ ማስታወቂያ ይሉት ነበር። የሚያሳዝነው ስሙ ትክክል መሆኑ ነው። የሚሸጠው ንባቡ ራሱ ነበረና።

ከእነዚህ መድኃኒቶች በጣም የታወቀው በማሳቹሴትስ የሊን ከተማ ነዋሪ በነበሩት በሊዲያ ፒንካም ስም የሚሸጠው የሴቶች መድኃኒት ነበር። ማስታወቂያው ሴቶች ለሐኪም ለመናገር የሚያፍሩትን ሕመም ለወይዘሮ ፒንካም በደብዳቤ እንዲገልጹ ይጋብዝ ነበር፤ ሴት ለሴት፣ በምስጢር። ብዙዎች ጻፉ። የ«ሌዲስ ሆም ጆርናል» መጽሔት አዘጋጅ ኤድዋርድ ቦክ እ.ኤ.አ. በ1905 ይህን ማስታወቂያ ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር ጎን ለጎን አተመው። ፎቶግራፉ የወይዘሮ ፒንካም የመቃብር ድንጋይ ነበር። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1883 ሞተዋል። ኩባንያው ደብዳቤውን የምትቀበለው ምራታቸው ናት፤ እርስዋም ወይዘሮ ፒንካም ትባላለች ሲል ተከላከለ። መልሱ ሕግን ያረካ ይሆናል። ነውሯን ገልጣ ለጻፈችው ሴት ግን ምን ይላታል? ይህች ሴት ያጣችው የጠርሙሱን ዋጋ ብቻ አይደለም። ሰው አገኘሁ ብላ ነበርና።

በዚያው ዓመት «ኮሊየርስ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት የሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስን ተከታታይ ጽሑፎች ማውጣት ጀመረ፤ ስለ ጠርሙሶቹ ይዘትና ስላደረሱት ጉዳት በማስረጃ አጋለጠ። ማርክ ሱሊቫን ደግሞ በዚሁ መጽሔት ላይ ኩባንያዎቹ ከጋዜጦች ጋር የሚዋዋሉበትን ሰነድ አወጣ። በውሉ ውስጥ በቀይ ቀለም የታተመ አንቀጽ ነበረበት፤ ጋዜጣው በሚታተምበት ክፍለ ግዛት መድኃኒቶቹን የሚቆጣጠር ሕግ ከወጣ ውሉ ይፈርሳል ይላል። የማስታወቂያው ገንዘብ ዝምታንም ይገዛ ኖሯል። እዚህ ላይ ጉዳዩ የስልት ወይም የጨዋነት ጉዳይ መሆኑ ያቆማል። ሕፃን በሞርፊን ሲደነዝዝ ጋዜጣው ያልጻፈው ስላላወቀ አልነበረም።

ጽሑፎቹ በቀሰቀሱት ቁጣ ታግዞ እ.ኤ.አ. በ1906 የምግብና የመድኃኒት ሕግ ወጣ። ለእኛ ርእስ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1912 የተደነገገው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም የተከፈለበት ማናቸውም የጋዜጣ ጽሑፍ «ማስታወቂያ» የሚል ቃል በግልጽ እንዲታተምበት ግዴታ ሆነ። አሳታሚዎች የፕሬስ ነጻነት ተነካ ብለው ከሰሱ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1913 ሕጉን አጸናው። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ላለማተም ግን ከፍርድ ቤት ደጅ ድረስ ተሄደ። ቃሊቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

«ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል አዘጋጅ ይነሣል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ወረቀትና ቀለም፣ የማተሚያ ቤት ዋጋ ሁሉ በየጊዜው ይንራል። ግን ቦክ ይሠራበት የነበረውን መጽሔት እንመልከት። «ሌዲስ ሆም ጆርናል» የፓተንት መድኃኒት ማስታወቂያ አልቀበልም ያለው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ በአሜሪካ አንድ ሚሊዮን ደንበኛ ያገኘ የመጀመሪያው መጽሔት ሆነ። የሳሙናና የልብስ ማስታወቂያ ሳይጠላ፣ ሞልቶት እያለ ነው። እምቢታው ብቻውን አበለጸገው ማለታችን አይደለም፤ እምቢ ያለ ይከስራል የሚለው ማስፈራሪያ ግን ባዶ መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛው የአንባቢ መማረሪያ ድግግሞሽ ነው። ዛሬ በአማርኛ «አይፈለጌ መልእክት» የምንለውን ነገር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስፓም ይሉታል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የሚሸጥ የቆርቆሮ ሥጋ ስም ነው። በ1970 ሞንቲ ፓይተን የሚባሉት እንግሊዛውያን ቀልደኞች በቴሌቪዥን ባሳዩት ጭውውት፣ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ የሚቀርበው ሁሉ ይህ ሥጋ ያለበት ይሆናል፤ ስሙም እየተዘመረ እየተደጋገመ ሌላውን ንግግር ሁሉ ይውጠዋል። ቃሉ ወደ አዲሱ ትርጉሙ የተሻገረው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 ደግሞ በአሪዞና የሚኖሩ ሁለት ጠበቆች ስለ አሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ያዘጋጁትን አንድ ማስታወቂያ ከ5000 በላይ በሆኑ የኮምፒዩተር መወያያ ሰሌዳዎች ላይ በአንድ ጊዜ ለጠፉት። ይህ ዕጣ እኛ «ዲቪ» ብለን የምናውቀው፣ ስንቱን ቤተሰብ ያሻገረውና ስንቱን በየዓመቱ በተስፋ ያንጠለጠለው ነው። ማመልከቻውን ማንም ሰው በራሱ ጽፎ በፖስታ ያለ ክፍያ መላክ ይችል ነበር፤ ጠበቆቹ ግን ገንዘብ ይጠይቁበት ነበር። ስለ ሒሳብ ወይም ስለ ሙዚቃ ሊወያይ የመጣው ሁሉ ይህን ማስታወቂያ አገኘ። ቁጣው የተነሣው ማስታወቂያው ሐሰት ስለሆነ አልነበረም፤ ማን እንደሚያነበው ግድ ስላልነበረው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ሕግ አጥተን አይደለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ሕጉ ሁሉን በር ግን አይዘጋም። የአየር ሰዓት ገዝቶ የሚያሰራጭ ተባባሪ አዘጋጅ የእንግዳውን ሆቴል በጥያቄ መልክ ሲያስተዋውቅ፣ ጥያቄው ጥያቄ ይመስላል። በአንድ ጉባኤ ላይ አበል ተከፍሎት የዋለ ዘጋቢ ዘገባው የተጋባዥ ምስጋና ይሆንበታል። በስልክ ከአጭር ቁጥር የሚላከው «እንኳን ደስ አለዎ» ባዩ መልእክት እንኳ ከእነዚህ ይሻላል፤ እርሱ ቢያንስ በሦስት ቃል ውስጥ ማንነቱ ይለያል።

ገበያ ስንል ደግሞ የነጋዴውን ብቻ ማለታችን አይደለም። የመሥሪያ ቤት ገበያም አለ። የባህል ዓምድ ተብሎ በተለየ ገጽ ላይ ስለ አንድ የዕደ ጥበብ ማዕከል ሊነግረን የተነሣ ጽሑፍ ከመስመሮቹ እኩሌታውን የጎብኚዎቹን ማዕረግና ስም በመዘርዘር ይጨርሰዋል። ማዕከሉ «ትልቅ አስተዋጽኦ እንዳለው ተገለጸ»፤ «ተጠናክሮ መቀጠል እንዳለበት ተመለከተ»፤ «ጥረት እየተደረገ መሆኑ ተጠቆመ»። ማን ገለጸ? ማን ተመለከተ? ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ከየት እንደምታመጣ፣ ስንት ቀን እንደምታቦካው፣ እሳቱ ሲበዛበት ጀበናው የት ላይ እንደሚሰነጠቅ የጠየቃት የለም። ይህ ጽሑፍ የሚሸጠው ዕቃ የለውም፤ ሆኖም ለአንባቢ የተጻፈ አይደለም። የተጻፈው በላይ ላለው አለቃ እንዲታይ ነው። አንባቢው በመካከል ያለ መስኮት ነው። ካድሬም ሆነ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ገጹ ሳይነበብ ቀረ ብሎ ቢያዝን፣ ከነጋዴው የተለየ መልስ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየንም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በሂስ ዓምዳችን ውስጥ የገባው ነው። የመጽሐፍ ምረቃ አዳራሽ ውስጥ ወዳጅ ስለ ወዳጁ መጽሐፍ ይናገራል። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ምረቃ ምርቃት ነውና፤ ተሰብሳቢውም ያንኑ ጠብቆ መጥቷል። ያው ንግግር በሳምንቱ «ሂሳዊ ንባብ» ተብሎ በመጽሔት ሲወጣ ግን ካባ ደርቧል። ሐያሲው የደራሲው የቅርብ ባልንጀራ መሆኑን፣ ረቂቁንም እርሱ እንዳረመ፣ አንዳንዴም የጀርባውን ሽፋን አስተያየት እርሱ እንደጻፈ አንባቢው አያውቅም።

ውጤቱ በቋንቋችን ላይ ይታያል። «ዘመን አይሽሬ» የሚለው ቃል በየወሩ ለሚወጣ የግጥም መድበል ሁሉ ከተሰጠ፣ ዘመን ለማይሽረው ሥራ ምን ቀረለት? «አንጋፋ» ሁለት አልበም ላወጣ ድምፃዊ፣ «ድንቅ» ለአዲስ ምግብ ቤት፣ «ታሪካዊ» ለትናንት ስብሰባ ውሏል። በየስልኩ የሚለቀቀው ወሬ ሁሉ ደግሞ «ሰበር» ሆኖአል። ቃላት እንደ ሳንቲም ናቸው፤ እጅ በበዛባቸው ቁጥር ምስላቸው ይጠፋል። በገጠር ከተማ የሚያስተምር የአማርኛ መምህር፣ ለክፍሉ አንድ ቅጂ መጽሔት ብቻ ያለው፣ የሂስን አጻጻፍ ለማሳየት ከዚያ ላይ ነው የሚያነብላቸው። ተማሪዎቹ ሂስ ማለት የቅጽሎች ሰልፍ መሆኑን ይማራሉ። ሲያድጉም ሁለት ነገር ይሆናሉ፤ ወይ እንደዚያው የሚጽፉ፣ ወይ ማንንም የማያምኑ። ሁለተኞቹን ነው «አንባቢ ጠፋ» እያልን የምንፈልጋቸው።

«ካልተወደስን ማን ይመጣል? ትያትራችን ባዶ አዳራሽ ይታይ?» የሚሉን የኪነት ጓዶች ይኖራሉ። ችግራቸው እውነተኛ ነው፤ አንድን ትርኢት ለማሳወቅ ያለው ዕድል ጠባብ ነው። ግን ለዚህ የተፈጠረ የተከበረ መሣሪያ አለ፤ እርሱም በግልጽ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ እ.ኤ.አ. በ1891 ለሙላን ሩዥ የጭፈራ ቤት የሠራው ፖስተር በፓሪስ ግድግዳዎች ላይ ደንበኛ ይጠራ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ዛሬ በሙዚየሞች ውስጥ ተሰቅሏል። ገበያነቱን አልደበቀም፤ ስለዚህም ኪነቱ ሳይጠረጠር ኖረ። ይህን መሰል ግልጽነት በእኛ ሠዓልያንና የትያትር ቤቶች የጎደለው ችሎታ አይደለም። ፖስተር ለማሠራት የሚከብደው እጅ ለሐያሲ ግብዣ ግን ይፈታል።

በየመሥሪያ ቤቱ መጽሔትና ጋዜጣ ለምታዘጋጁ ባልደረቦች የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነገር ብቻ ነው። ገንዘብ፣ አበል፣ ጉዞ ወይም የአየር ሰዓት የተገኘበት ጽሑፍ ከራሱ ላይ «ማስታወቂያ» ይባል። የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ዘገባ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ የባህል ዓምድን አይዋስ። መጽሐፍ ወይም ትርኢት በሚተችበት ዓምድ ግርጌ ደግሞ የሐያሲውና የደራሲው ግንኙነት ይጻፍ፦ ባልንጀራው ነው፣ ረቂቁን አርሟል፣ ወይም አይተዋወቁም። ቦታ የለንም የሚል አዘጋጅ ካለ፣ በዚያው ገጽ ላይ ያሉትን «ድንቅ»ና «ዘመን አይሽሬ» ይቁጠራቸው፤ ሁለቱን ቢያነሣ መስመሯ ትገባለች።